«ዛሬ ካልወሰድክ ነገ አታገኘውም»፦ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ያገለገለ መኪና ገዢን የሚያሳስቱ አባባሎችና እውነታው

ያገለገለ መኪና ሲገዛ ሰውን ከሁሉ በላይ የሚጎዱት ጥድፊያና ይሉኝታ ናቸው። ደላላው ቡና ይጋብዛል፤ ባለቤቱ «እንደ ወንድሜ ስለማይህ ነው» ይላል፤ ከጎን የቆመው ደግሞ «ይቺንማ እንዳታሳልፋት» እያለ ያሟሙቃል። ገዢው ኮፈኑን እንኳ ሳያስከፍት ቀብድ ቆጥሮ ይሰጣል። ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ገዢን ለማጣደፍ የሚነገሩትን አባባሎች አንድ በአንድ እንያቸው።

«ሌላ ገዢ እየመጣ ነው፤ አሁን ቀብድ ካላስያዝክ ያመልጥሃል»

ሻጩ አጠገብዎ ቆሞ ስልክ እያነሳ «አዎ፣ እያየው ያለ ሰው አለ፣ አንድ ሰዓት ስጠኝ» ሊል ይችላል። ከስልኩ ማዶ ማን እንዳለ ማጣራት አይቻልም፣ ማጣራትም አያስፈልግም። ይልቅ ቀብድ በሕግ ምን እንደሆነ ይወቁ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1885 እንደሚለው፣ ተዋዋዮቹ ሌላ ስምምነት ከሌላቸው በቀር ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱ ይቀርበታል፤ የተቀበለው ቢተው ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ስለዚህ «ቀብድ ያስያዘ ሰው አለ፣ ግን ለአንተ ልስጥህ» የሚል ሻጭ ወይ ምንም ቀብድ አልተቀበለም፣ ወይ የሌላ ሰው ውል እያፈረሰ ነው። የሌላውን ያፈረሰ የእርስዎንም ያፈርሳል።

ቀብድ መስጠቱ የግድ ከሆነ መጠኑን ትንሽ ያድርጉት። ወረቀቱ ላይ የሰሌዳ፣ የሻንሲና የሞተር ቁጥር፣ ጠቅላላ ዋጋውና ቀሪው የሚከፈልበት ቀን ይስፈር፤ ምስክሮችም ይፈርሙ። ከዚያ ይህን ያስገቡ፦ «ገዢው በመረጠው መካኒክ ታይቶ ጉድለት ቢገኝበት፣ ወይም በትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ያለው የመኪናው ፋይል ሲጣራ ዕዳ ወይም እገዳ ቢኖርበት ሻጩ ቀብዱን በሙሉ ይመልሳል።» ይህ መስመር ከሌለ፣ በማግስቱ የተቃጠለ የቴስታታ ጓርኒሲዮን (በሞተሩ ራስና በሞተሩ አካል መካከል ያለ ማሸጊያ) አግኝተው ሲመለሱ ሻጩ «አንተ ነህ የተውከው» ብሎ ቀብዱን ሊያስቀርብዎት ይሞክራል። ሻጩ በዚህ መስመር አልስማማም ካለ ቀብዱን ኪስዎ ውስጥ ያቆዩት።

«የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ተከልክሏል፤ ዋጋው ገና ይሰቀላል»

መሠረቱ እውነት ነው። መንግሥት ከኤሌክትሪክ በቀር የቤት መኪና እንዳይገባ መወሰኑን በ2016 ዓ.ም. አሳውቋል፤ ያገለገሉትም በዚያው ልክ ተፈላጊ ሆነዋል። ነገር ግን ክልከላው ስለ ገበያው እንጂ ፊትዎ ስለቆመው መኪና የሚናገረው ነገር የለም። ተመሳሳይ ሞዴል፣ ተመሳሳይ ዓመተ ምሕረትና ተመሳሳይ የሰሌዳ ኮድ ያላቸውን ሦስት መኪኖች ዋጋ ደሴም ኮምቦልቻም ጠይቀው ይጻፉ። ያ ወረቀት እጅዎ ላይ ካለ «ነገ ይጨምራል» የሚለው ወሬ ብዙ አያስደነግጥም።

«መኪናው ዝግጁ ነው፤ ሞተሩን አሙቀን ጠበቅንህ»

የሞቀ ሞተር ብዙ በሽታ ይደብቃል። የደከመ ባትሪ፣ ሲነሳ ብቻ የሚሰማ ኳኳታ፣ በመጀመሪያው ደቂቃ የሚወጣ ሰማያዊ ጭስ፣ እነዚህ ሁሉ የሚታዩት መኪናው አድሮ ሲነሳ ነው። የደሴ ጠዋት ለዚህ የተመቸ ነው፤ በኮምቦልቻ ሙቀት በቀላሉ የሚነሳ ባትሪ ደሴ ሲያድር ጠዋት ላይ ይለግማል። ማታ ደውለው «ነገ ጠዋት እስክመጣ እንዳይነሳ» ይበሉ። ሲደርሱ እጅዎን ኮፈኑ ላይ ያሳርፉ፤ ለብ ካለ ቀጠሮውን ለሌላ ቀን ያዛውሩ።

ቀዝቃዛ ከሆነ መጀመሪያ የራዲያተሩን ክዳን ይክፈቱ። የዛገ ተራ ውሃ ካለ ማቀዝቀዣው ለብዙ ጊዜ አልተያዘም ማለት ነው፤ የዘይት እድፍ ከተንሳፈፈ ደግሞ የቴስታታ ጓርኒሲዮን ይጠርጠሩ። ከዚያ ቁልፉን ሞተሩ ሳይነሳ ያዙሩት። ቢጫው የሞተር መብራት መብራት አለበት፤ ሞተሩ ሲነሳ ይጠፋል። ከመጀመሪያው ጭራሽ ካልበራ አምፖሉን አውጥተውት ወይም ሸፍነውት ሊሆን ይችላል። በዲያግኖስቲክ ማሽን ሲታይ ምንም ኮድ ከሌለ፣ ግን የራስ ምርመራዎቹ «አልተጠናቀቀም» ካሉ፣ ኮዱን በቅርቡ አጥፍተውታል ወይም ባትሪውን ነቅለው መልሰውታል።

«ሐረጎ ድረስ ምን አስኬደህ? እዚሁ ፒያሳ ዞር ዞር ብለን እናየዋለን»

ለዚህ አካባቢ ገዢ በኮምቦልቻና በደሴ መካከል ካለው ዳገት ከሐረጎ የተሻለ መመርመሪያ የለም። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በዚህች አጭር መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ሽቅብ ይወጣል። ደርሶ መልሱ ለትንሽ መኪና ከ5 ሊትር ቤንዚን አይበልጥም፤ ነዳጁን እርስዎ ይቅዱ፣ ሻጩ ምክንያት አያገኝም። የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንሱ ያላለፈበት መሆኑን ግን ሳይነሱ ይዩ።

ሽቅብ ሲወጡ ዓይንዎ ከሙቀት መለኪያው አይራቅ። በደሴ ከፍታ ግፊት የሌለበት ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ የብዙ መኪኖች ቴርሞስታት (ውሃውን ወደ ራዲያተሩ የሚለቀው ቫልቭ) የሚከፍተው ከ82 እስከ 88 ዲግሪ ባለው ውስጥ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ጠባብ ነው። ውሃው እንዳይፈላ የሚያደርገው የራዲያተሩ ክዳን የሚይዘው ግፊት ነው፤ ክዳኑ ከላላ ወይም ጓርኒሲዮኑ ከሾለከ ቆላ ላይ ሳይታይ የቆየው ችግር ዳገቱ ላይ ይወጣል። ግማሽ መንገድ ላይ ኤሲውን ይክፈቱት፤ መርፌው ከመሃል ተነስቶ መውጣት ከጀመረ ኤሲውን ዘግተው ዳር ይቁሙ። ክዳኑን ሞቅ እንዳለ ፈጽሞ አይክፈቱ።

እዚህ ላይ ሻጩ «ጉልበት ያነሰው ከፍታው ነው» ይላል። ግማሹ እውነት ነው፦ ደሴ ላይ ያለው የአየር ግፊት ከባሕር ወለል ሩብ ያህል ስለሚያንስ፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱ በዚያው ልክ ይቀንሳል። የኮምፕሬሽን መለኪያም ዝቅ ያለ ቁጥር ያሳያል፤ ስለዚህ ከቁጥሩ ይልቅ በሲሊንደሮቹ መካከል ያለውን ልዩነት ይመልከቱ፣ ከ1 ባር መብለጥ የለበትም። ከፍታ የማያደርገው ነገር ግን አለ። በማንዋል መኪና በ3ኛ ማርሽ ዳገት ላይ ነዳጁን ሲረግጡ የሞተሩ ድምፅ ከፍ ብሎ ፍጥነቱ ካልጨመረ ፍሪሲዮኑ (ክላቹ) ይንሸራተታል። ቪትዝና መሰል አውቶማቲኮች ላይ መንዘፍዘፍ ወይም ድንገተኛ መጎተት ከተሰማ ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ታሟል። ሁለቱንም በከፍታ ማመካኘት አይቻልም።

ቁልቁለቱ ደግሞ ፍሬኑን ያጋልጣል። በዝቅተኛ ማርሽ ሞተሩ እየያዘ ይውረዱ፤ ፔዳሉ እየለሰለሰ ከሄደ ወይም መሪው ከተንቀጠቀጠ ይመዝግቡት። ነዳጁን ሳይረግጡ ረዘም ያለ ቁልቁለት ከወረዱ በኋላ ረገጥ ሲያደርጉ አብሮዎት ያለ ሰው በኋላ መስታወት ይይ፤ ሰማያዊ ጭስ ቦለቅ ካለ የቫልቭ ጎሚኒው (ዘይት ወደ ሲሊንደሩ እንዳይገባ የሚያሽገው ጎማ) አልቋል። ኮምቦልቻ ሲደርሱ ወርደው እጅዎን ሳያስነኩ ወደ እያንዳንዱ ቸርኬ ያስጠጉ። አንዱ ከሌሎቹ ይልቅ የሚያቃጥል ከሆነ ፍሬኑ ነክሶ ቀርቷል።

«ቦሎ አለው፤ ተመርምሮ ያለፈ ነው»

ቦሎ የሚነግርዎ መኪናው በምርመራው ቀን ለመንገድ ብቁ ተብሎ ማለፉን ብቻ ነው። ካምቢዮ ተከፍቶ አይታይም፤ ስቱኮ (ከቀለም በታች የሚለጠፍ መሙያ) ስር ያለ የተጣመመ ላሜራም አይቆጠርም። ማግኔት በጨርቅ ጠቅልለው በሮቹና የኋላ ጎኖቹ ላይ ያስኬዱት፤ የማይስብበት ቦታ ስቱኮ አለበት። ጎማው ላይ ከ«ዶት» ምልክቱ መጨረሻ ያሉትን አራት ቁጥሮችም ያንብቡ፦ 2319 ማለት በ2019 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው።

«ስም ማዛወር ጊዜ ይፈጃል፤ ውክልና ይበቃሃል»

ይህን የሚል ሰው መኪናውን እየሰጠዎት ነው እንጂ ባለቤትነቱን አይደለም። ወካዩ ውክልናውን በፈለገ ጊዜ መሻር ይችላል፤ ቢሞት ውክልናው ያበቃል፣ እርስዎም ከወራሾች ጋር ይከራከራሉ። መኪናው በስሙ እስካለ ድረስ ለእርሱ ዕዳ ሊታገድም ይችላል። ደላላ ውክልናን የሚገፋው አንዳንዴ እርሱ ራሱ በውክልና ገዝቶ ስሙን ሳያዛውር ስለሚሸጥ ነው።

ስለዚህ ስሙ ሊብሬው (የመኪናው የባለቤትነት ደብተር) ላይ ካለው ሰው ጋር ፊት ለፊት ይገናኙ፣ መታወቂያውንም ይመልከቱ። ሰሌዳው የትኛውም ከተማ ይውጣ፣ ፋይሉ ወዳለበት የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ሄደው የባንክ ዕዳ፣ የፍርድ ቤት እገዳ ወይም ያልተከፈለ ቀረጥ እንዳለ ያጣሩ፤ ከቀረጥ ነፃ የገባ መኪና ቀረጡ ሳይከፈል ስሙ አይዛወርም። የሻንሲ ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር ፊደል በፊደል ያመሳክሩ፤ ዙሪያው ከተፈገፈገ ወይም አዲስ ብየዳ ካለበት ይተውት። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛው ይፈርም፣ ካልሆነ ያላገባ መሆኑን የሚገልጽ ማስረጃ ያቅርብ። ቀሪውን ገንዘብ በሲፒኦ ወይም በባንክ ዝውውር፣ ውሉ በሚፈረምበት ሰዓት ይክፈሉ።

«ለግብሩ ብለን ውሉ ላይ ዋጋውን ዝቅ እናድርገው»

ሕገ ወጥ ከመሆኑም በላይ ኪሳራው የገዢው ነው። ውሉ ቢፈርስ የሚመለስልዎ ወረቀቱ ላይ ያለው ገንዘብ ነው፤ ቀሪውን መክፈልዎን ማስረዳት የእርስዎ ጣጣ ይሆናል።

«ይህን ሁሉ አድክመኸን አልገዛም ማለት ነውር ነው»

ደላላው የሚከፈለው ሽያጩ ሲፈጸም ነው፤ ድካሙ ሥራው ነው። በልተው ጠጥተው ከሆነ ሂሳቡን እርስዎ ይክፈሉ፣ ይሉኝታው እዚያው ያልቃል። መካኒኩን ደላላው እንዲያመጣልዎ አይፍቀዱ፤ ራስዎ መርጠው፣ መኪናው ተገዛም አልተገዛም የሚከፈለውን ዋጋ አስቀድመው ይስማሙ፣ አለዚያ እርሱም ሽያጩን የሚጠብቅ ሰው ይሆናል። ሲገፉዎ «ባለቤቴን ሳላማክር አልወስንም፣ ነገ በአራት ሰዓት እደውላለሁ» ብለው ይነሱ። መነሳት ሲያዩ ዋጋ የሚቀንሱ ብዙ ናቸው፤ ቢቀንሱም ያው ነገ በአራት ሰዓት ይደውሉ።

«ባለበት ሁኔታ ብለህ ፈርመሃል፤ ከእንግዲህ አቤቱታ የለም»

ሁልጊዜ እንዲህ አይደለም። ሻጩ ጉድለቱን እያወቀ በማታለል ከደበቀ፣ ኃላፊነት የለብኝም የሚለው ቃል አያድነውም። ችግሩ ማወቁን ማስረዳት ነው። ለዚህ ሲባል በአፍ የተባለው ሁሉ ውሉ ውስጥ ይግባ፦ «ሞተሩ አልተከፈተም»፣ «አደጋ አልደረሰበትም»፣ «ኪሎ ሜትሩ ትክክለኛ ነው»። ጉድለት ሲያገኙ ወዲያው በጽሑፍ ያሳውቁት፣ የመካኒኩንም ማስታወሻ ከነቀኑ ያያይዙ። ሻጩ ሳያየው ደግሞ መኪናውን አያስፈቱ፤ ከተፈታ በኋላ «እናንተ ናችሁ ያበላሻችሁት» ይላል።