የልብ ወለድ ትንተና፦ ትልም፣ ገጸ ባሕርይ እና ጭብጥ

የልብ ወለድ ትንተና አንድ አጭር ወይም ረጅም ልብ ወለድ ከምን ከምን እንደተሠራና ክፍሎቹ እንዴት ተጋግዘው አንባቢው ላይ ስሜትና ሐሳብ እንዳሳደሩ ከጽሑፉ ማስረጃ እየቀዱ የማሳየት ሥራ ነው። ታሪኩን አሳጥሮ መተረክ የዚህ ሥራ መንደርደሪያ ቢሆን እንጂ ሥራው አይደለም። ትንተና የሚጀምረው «ለምን እንዲህ ሆኖ ተነገረ?» ተብሎ ሲጠየቅ ነው፤ የሚጸናው ደግሞ ለእያንዳንዱ መልስ «ከየት አገኘኸው?» ሲባል ጣት የሚያርፍበት ገጽ ሲኖር ነው።

«ልብ ወለድ» የሚለው ስያሜ የመጣው ከአንድ መጽሐፍ ርእስ ነው። በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ የታተመው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ሥራ ዛሬ «ጦቢያ» ተብሎ ቢታወቅም የወጣው «ልብ ወለድ ታሪክ» ተብሎ ነበር፤ ርእሱ የዘርፉ መጠሪያ ሆኖ ቀረ። የትንተናው ቃላት ብዙ ቆይተው የመጡ ናቸው። «መቼት» ከ«መቼ» እና ከ«የት» ተዋህዶ የተበጀ ነው፤ «ገጸ ባሕርይ» ገጽንና ባሕርይን ያጣመረ ነው። «ትልም» የገበሬው ነው፤ በሬ ጠምዶ መሬት ላይ የሚያወጣው መስመር። ትልምን «ሴራ» የሚሉም አሉ። በዕለት ተዕለት ንግግር ሴራ ተንኮል ስለሆነ ግን ጀማሪው ተማሪ ታሪኩ ውስጥ ተንኮለኛ ሲፈልግ ይውላል፤ ስለዚህ እዚህ «ትልም» ይበቃናል።

ትልም

ታሪክ ክስተቶች የተፈጸሙበት ቅደም ተከተል ነው። ትልም ግን ክስተቶቹ በምክንያትና ውጤት የተያያዙበትና ደራሲው ለአንባቢው ሊያቀርባቸው የመረጠበት ሥርዓት ነው። ሁለቱን ለመለየት የሚረዳው ቀላሉ መንገድ ዝርዝር መሥራት ነው። አንድ ጊዜ ያለ እርሳስ እስከ መጨረሻው ይነበባል። በሁለተኛው ንባብ እያንዳንዱ ክስተት በአንድ ዐረፍተ ነገር ይጻፋል፤ ለአሥር ገጽ አጭር ልብ ወለድ ከአሥራ ሁለት እስከ ሃያ መስመር ይበቃል፤ ለረጅም ልብ ወለድ ለየምዕራፉ አንድ ወይም ሁለት መስመር ይያዛል። ከዚያ በየሁለቱ መስመሮች መካከል «በዚህ የተነሣ» የሚለው ይገባ እንደሆነ ይሞከራል። ከገባ የትልም ሰንሰለት አለ። የሚገባው «ከዚያም» ብቻ ከሆነ ወይ ሰንሰለቱ ተበጥሷል፣ ወይ ደራሲው ሆን ብሎ በጥሶታል። የትኛው እንደሆነ መወሰን የተንታኙ ፈንታ ነው።

ከዝርዝሩ ጎን በሌላ ዓምድ ክስተቱ በታሪኩ ዘመን መቼ እንደተፈጸመ ይመዘገባል። ሁለቱ ዓምዶች የማይገጥሙበት ቦታ ምልሰት፣ ማለትም ወደ ኋላ ተመልሶ መተረክ፣ አለ ማለት ነው። «በሦስተኛው ገጽ ምልሰት አለ» ብሎ ማለፍ ግን ምንም አይነግረንም። ምልሰቱ ስለ ገጸ ባሕርዩ ያለንን ፍርድ ከመስጠታችን በፊት መጣ ወይስ ከሰጠን በኋላ? ሰውየው ሚስቱን ሲያባርር አይተን ከጠላነው በኋላ ልጅነቱ ቢነገረን ጥላቻችን ይፈተናል፤ ልጅነቱ ቀድሞ ቢነገረን ግን ሲያባርራት ይቅርታ አዘጋጅተን እንጠብቀዋለን። ክስተቱ ያው ነው፣ ትልሙ ግን ሁለት ነው።

«ፍቅር እስከ መቃብር»ን እንውሰድ። የሐዲስ ዓለማየሁ ልብ ወለድ በ1958 ዓ.ም. ታተመ፤ አብዛኛው አንባቢ የበዛብህና የሰብለ ወንጌል የፍቅር ታሪክ አድርጎ ያስታውሰዋል። መጽሐፉ የሚከፈተው ግን በሁለቱ ሳይሆን በበዛብህ ወላጆች፣ በቦጋለ መብራቱና በውድነሽ በጣሙ ነው። የፍቅሩ ታሪክ ብቻ ቢፈለግ ይህ ሁሉ ገጽ ትርፍ ይመስላል። ትርፍ የማይሆነው ስለቱ ስላለ ነው፤ ልጁ ገና በሕፃንነቱ በእናቱ ስለት ለእግዚአብሔር ተሰጥቷል። አድጎ የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ ሰብለ ወንጌልን ሊያስተምር ሲገባና ሲወዳት ሁለት ግድግዳ በአንድ ጊዜ ይገጥመዋል፦ ከውጭ የዘርና የማዕርግ ልዩነት፣ ከውስጥ ስለት። የመጀመሪያዎቹን ምዕራፎች ያነሣ ተንታኝ ሁለተኛውን ግድግዳ አብሮ ያነሣዋል።

ከባዱ ጥያቄ ያለው መጨረሻው ላይ ነው። ሰብለ በመነኩሴ ልብስ ተሸሽጋ ከቤቷ ጠፍታ ስትሄድ በዛብህን የምታገኘው ሽፍቶች አቁስለውት ለሞት ተቃርቦ ነው። የሽፍቶቹ ጥቃት ከፊታውራሪ ትእዛዝ አልመጣም፤ ከቀደሙት ክስተቶች ጋር «በዚህ የተነሣ» ብሎ የሚያያይዘው ገመድ ቀጭን ነው። አንዱ ተንታኝ ይህን የትልም ድክመት ይለዋል፤ ገጠመኝ ችግሩን ፈታው ይላል። ሌላው ወደ ስለቱ ይመለስና የእናቲቱ ቃል ከመጀመሪያው ሲያሳድደው ነበር፣ ሽፍቶቹ የዕጣው እጅ ናቸው ይላል። ሦስተኛው ደግሞ መንገዱን ራሱን ያያል፤ ሁለት ወጣቶች ፍቅራቸውን ይዘው በአገራቸው መንገድ ላይ መሸሽ ባይኖርባቸው ሽፍታ ባላገኛቸው፤ ስለዚህ ገዳዩ ሥርዓቱ ነው። ከሦስቱ ሁለተኛውና ሦስተኛው ከጽሑፉ ማስረጃ ያገኛሉ። የመጀመሪያው ሊጸና የሚችለው ሁለቱን ካፈረሰ ብቻ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ሳያነሣቸው ያልፋል።

የትልም መሣሪያ የማይሠራባቸው ሥራዎችም አሉ። በ1962 ዓ.ም. የወጣው የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» ክብደቱን የጣለው በክስተት ሳይሆን በንግግርና በሐሳብ ግጭት ላይ ነው። እሱን በጡዘት (ግጭቱ ጫፍ በሚደርስበት) እና በመፍትሔ ሚዛን መዝኖ «ትልሙ ልል ነው» ማለት እንጀራን በዳቦ መልክ አልተነፋም ብሎ መክሰስ ነው።

ገጸ ባሕርይ

ገጸ ባሕርይ የሚታወቅባቸው በሮች አምስት ናቸው፦ ተራኪው ስለ እሱ የሚለው፣ የሚሠራው፣ የሚናገረው፣ የሚያስበው፣ ሌሎች ስለ እሱ የሚሉት። ጥሩ ልማድ ለእያንዳንዱ ዋና ገጸ ባሕርይ አንድ ገጽ ወረቀት በአምስት ከፍሎ ማስረጃውን መልቀም ነው። የሚጠቅመው ነገር ክፍሎቹ የሚጋጩበት ነው። ተራኪው «ደግ» ያለው ሰው በድርጊቱ ሥር አንድም ደግነት ካልተጻፈ፣ ወይ ተራኪው አይታመንም፣ ወይ ደራሲው ሥራውን አልጨረሰም።

የ«ፍቅር እስከ መቃብር»ው ጉዱ ካሳ ጥሩ ምሳሌ ነው። «ጉዱ» ስሙ ሳይሆን ሰዎች የለጠፉበት ነው፤ ሰውየው ካሳ ዳምጤ ነው። በ«ሌሎች የሚሉት» ሥር ብቻ ብንፈርድ ዕብድ ነው፤ በሚናገረው ብንፈርድ በመንደሩ ውስጥ ሥርዓቱን አጥርቶ የሚያይ እሱ ነው። መጽሐፉ ሁለቱን በአንድ ቅጽል ስም ውስጥ አጋጭቶ አስቀምጦታል፤ አንባቢው በጉዱነቱ የሚስቅበት ቦታ ላይ ከመንደርተኛው ጋር እንደቆመ ኋላ ይገባዋል።

በስም ነገር ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አማርኛ ስም ትርጉም ስላለው ሁሉንም ስም እንደ ምልክት መፍታት ያጓጓል። «ሰብለ ወንጌል» የወንጌል አዝመራ ብሎ ጭብጥ ማውጣት ይቻላል፤ ግን እንዲህ ያለ ስም በዘመኑ በባላባት ቤት ለሴት ልጅ የሚያስደንቅ አይደለም። ስሙ ማስረጃ የሚሆነው ጽሑፉ ራሱ ሲጫወትበት፣ ሲደግመው ወይም ገጸ ባሕርያቱ ሲያነሡት ነው።

አማርኛ ለተንታኙ የሚሰጠው አንድ መሣሪያ አለ፤ የአክብሮት መደብ። ተራኪው ስለ ባላባቱ «መጡ» እያለ ስለ አሽከሩ «መጣ» ሲል ሚዛኑን ከመንደሩ ጋር አስተካክሏል። ለማኙን «መጡ» ብሎ ጌታውን «መጣ» ቢል ግን አንድም የወቀሳ ቃል ሳይጽፍ ፈርዷል። በምልልስ ውስጥ ደግሞ ከ«እርስዎ» ወደ «አንተ» የሚደረግ ሽግግር ክስተት ነው፤ ከጥፊ እኩል በዝርዝሩ ውስጥ መግባት አለበት። ተማሪዎች ይህን የሚያልፉት ጆሯቸው ስለለመደው ነው። ለመያዝ የሚረዳው ዘዴ አንድን ምልልስ ወስዶ የእያንዳንዱን ግስ መድረሻ ብቻ ማስመር ነው፤ ማን ለማን ከፍ እንዳለና የት ላይ እንደወረደ በአንድ ገጽ ይታያል።

ገጸ ባሕርያትን ከአንድ ጠባይ ብቻ የተሠሩና ሁለገብ ብሎ መክፈል የተለመደ ነው። ክፍፍሉ ውዳሴና ነቀፋ አይደለም። በአጭር ልብ ወለድ ውስጥ ሁሉም ሰው ሁለገብ ልሁን ቢል ቦታ የለም፤ ደጅ የሚጠብቀው ዘበኛ ዘበኛ ብቻ ቢሆን ይበቃል። ጥያቄው የሚነሣው ዋናው ሰው በመጨረሻ ሲለወጥ ነው፦ ለውጡን ያዘጋጀ ንግር፣ ማለትም የሚመጣውን የሚጠቁም ፍንጭ፣ ቀድሞ ነበር? አርባ ገጽ ሲጨክን የኖረ ሰው በመጨረሻው አንቀጽ ቢያለቅስ፣ ወደ ኋላ ሄዶ ቢያንስ አንድ ስንጥቅ ማግኘት ያስፈልጋል።

የሬዲዮ ነገርም መነሣት አለበት። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ብዙ ሰው መጀመሪያ ያወቀው በወጋየሁ ንጋቱ የሬዲዮ ትረካ ነው። ድንቅ ትረካ ነው፤ ድንቅነቱ ነው ችግሩ። ፊታውራሪ አስቂኝ የሚሆኑት በገጹ ላይ ባለው ዐረፍተ ነገር ነው ወይስ በተራኪው ድምፅ? ሰምቶ የሚተነትን ሰው የድምፁን ለጽሑፉ ይሰጣል። ከመጻፉ በፊት ክፍሉን በዓይኑ ማንበብ አለበት።

ጭብጥ

እዚህ ላይ ነው አብዛኛው ሥራ የሚበላሸው። «ጭብጡ ፍቅር ነው»፣ «ጭብጡ ስደት ነው» ተብሎ ይጻፋል። ፍቅርና ስደት ርእሰ ጉዳዮች ናቸው። ጭብጥ ሥራው ስለ ርእሰ ጉዳዩ የሚለው ነገር ነው፤ ስለዚህ ግስ ያለው ሙሉ ዐረፍተ ነገር ሆኖ መጻፍ መቻል አለበት።

ለሙከራ የሚሆን አንድ ትንሽ ታሪክ እናብጅ። ልጅ ዓረብ አገር ሄዳ ሰው ቤት ትሠራለች፤ እናት ገጠር ናት። እሑድ እሑድ ይደዋወላሉ። ልጅቱ ሦስት ወር ደመወዝ አልተከፈላትም፤ እናቲቱ የቀረቻቸውን ላም ሸጣለች። በየእሑዱ ሁለቱም «ደኅና ነኝ» ይላሉ። በመጨረሻው እሑድ ስልኩ ይጠራል፣ ሁለቱም ዝም ይላሉ፣ ሒሳቡ አልቆ ይቋረጣል።

«ጭብጡ ስደት ነው» የሚለው ይህን ታሪክ ከሌሎች ሺህ ታሪኮች አይለየውም። «ስደት ቤተሰብን ይጎዳል» ትንሽ ይሻላል፤ ግን ታሪኩን ሳያነቡም ሊጻፍ ይችላል። «ሁለት የሚዋደዱ ሰዎች አንዱ ሌላውን ላለማስጨነቅ በሚደብቁት መጠን ይራራቃሉ» ቢባል ከታሪኩ የወጣ ነው። አሁን ይፈተን። ላሟ ለምን ተሸጠች? እናት ልጇ ላይ ሸክም ላለመሆን። «ደኅና ነኝ» ለምን ተደጋገመ? ውሸቱ እየከበደ መሄዱን ለማሳየት። መጨረሻው ለምን ዝምታ ሆነ? ውሸቱም ሲያልቅ እውነቱን የሚተካበት ቃል ስለጠፋ። ሦስቱም ይመለሳሉ። አንድ ትልቅ ክስተት ከዐረፍተ ነገሩ ውጭ ቢቀር ኖሮ ዐረፍተ ነገሩ እንጂ ክስተቱ አይስተካከልም ነበር።

ያንኑ ታሪክ በአንጻር፣ ማለትም በማን ዓይን እንደሚተረክ፣ እንለውጠው። ሁሉን አወቅ ተራኪ ሁለቱንም ቤት ስላሳየን ነው የሁለቱ ድብቅነት የገባን። እናት በአንደኛ መደብ ብትተርከው የልጅቱን ደመወዝ አናውቅም፤ የምናገኘው ድምፅዋ ቀጠን ማለቱን፣ ከጀርባዋ የሚሰማውን ጩኸት ብቻ ነው። ያኔ ጭብጡ የሁለት ሰዎች ድብቅነት መሆኑ ይቀርና እናት የሰማችውን እንዳልሰማች የመሆኗ ነገር ይሆናል። አንጻርን «ሦስተኛ መደብ ነው» ብሎ በአንድ መስመር የሚያልፍ ትንተና ጭብጡን ከየት እንዳገኘው ማሳየት አይችልም።

ሌላው የእኛው አገር በሽታ ከቅኔ የመጣ ነው። ሰምና ወርቅ የለመደ አንባቢ ልብ ወለድ ሲያገኝ ወርቅ ፍለጋ ይቆፍራል፤ አሮጊቷ አገር፣ የሚያነክሰው ልጅ ትውልድ፣ የተሰበረው በር ሥርዓት ይሆናሉ። በቅኔ ወርቁ ከሰሙ ቃል ውስጥ ይወጣል፤ ቃሉ ሁለቱንም መሸከም አለበት። በልብ ወለድም ሕጉ ያው መሆን ነበረበት። አሮጊቷን አገር ለማለት አንድ መመሳሰል አይበቃም፤ ከሦስት ያላነሱ የጽሑፉ ዝርዝሮች አብረው መሄድ፣ አንድም ደግሞ የሚያፈርስ አለመኖር አለበት። የአንድምታ መምህራን «አንድም» ሲሉ ሁለተኛውን ፍች ያመጣሉ እንጂ የመጀመሪያውን አይጥሉም፤ ከእነሱ የሚወረሰው ይህ ነው። አሮጊቷ አገር ብትሆንም ከሁሉ በፊት ጉልበቷን የሚያማት አሮጊት ናት።

ወደ ጽሑፍ ሲመጣ

አንድ ሺህ ቃል ለሚሆን ትንተና የታሪኩ ማጠቃለያ ከመቶ ሃምሳ ቃል መብለጥ የለበትም። የቀረው በአንድ አባባል ዙሪያ ይጻፋል፤ ስለ ትልም አንድ ክፍል፣ ስለ ገጸ ባሕርይ አንድ ክፍል፣ ስለ መቼት አንድ ክፍል እየተባለ በሳጥን ሲሞላ ክፍሎቹ አይነጋገሩም። ጥቅስ አንድ ሁለት መስመር ይበቃዋል፤ ከጥቅሱ በኋላ የሚመጣው ማብራሪያ ከጥቅሱ ካልረዘመ ጥቅሱ አልተሠራበትም። ደራሲውን ከገጸ ባሕርዩ ማምታታት፣ የደራሲውን የሕይወት ታሪክ በማስረጃ ቦታ ማስቀመጥ፣ ገጸ ባሕርያቱን እንደ ጎረቤት «ባታገባው ይሻላት ነበር» እያሉ መምከር ደጋግመው የሚታዩ ስሕተቶች ናቸው።

የገጽ ቁጥርም ያጣላል። ተደጋግመው የታተሙ መጻሕፍት በየኅትመቱ የፊደል መጠናቸውና ገጻቸው ሊለያይ ይችላል፤ ገጽ ብቻ ጠቅሶ መጻፍ ሌላ ኅትመት የያዘውን አንባቢ ሜዳ ላይ ይጥላል። የኅትመቱ ዓመተ ምሕረትና ምዕራፉ ከገጹ ጋር አብረው ይጻፋሉ።