ስካይ ከቢቢሲ ኳሱን ቀማ? ስለ ቢቢሲና ስፖርት ተደጋግመው የሚነገሩ ስህተቶች

ስለ እንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ሲወራ እኛ ጋ ሁሉም ሊቅ ነው። የአርሴናል ተከላካይ፣ የማንቼ ጣጣ፣ የዳኛው ጥፋት፣ ለሁሉም መልስ አለ። ወሬው ጨዋታውን ወደሚያሳየው ጣቢያ ሲዞር ግን ነገሩ ይደበላለቃል። «ድሮ ሁሉንም የሚያሳየው ቢቢሲ ነበር፣ ስካይ መጥቶ ቀማው» ይላል አንዱ። «መንግሥት ብር ቢጨምርለት ነገ ይመልሰዋል» ይላል ሌላው። ቢቢሲ የእንግሊዝ የሕዝብ ጣቢያ ነው፤ ስካይ ደግሞ ተመልካቹ ከፍሎ የሚያየው። አዲስ አበባ ዲኤስቲቪ ቤት የሚባለው ይኼ ነው። ለንደን ያሉ ዘመዶቻችንም ከዚህ ብዙም አይለዩም። እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው። ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«ከስካይ በፊት ሊጉን በቀጥታ የሚያሳየው ቢቢሲ ነበር»

በጣም የተለመደው ስህተት ይኼ ነው። ከስካይ በፊት ለረጅም ዘመን ሊጉን በቀጥታ የሚያሳይ ጣቢያ አልነበረም ማለት ይቻላል።

የቢቢሲ ታዋቂ ፕሮግራም ማች ኦፍ ዘ ዴይ የጀመረው ነሐሴ 22 ቀን 1964 ነው። ሊቨርፑል አርሴናልን አንፊልድ ላይ 3 ለ 2 አሸነፈ። በቴሌቪዥን ያየው ሰው 20 ሺህ ገደማ ብቻ ነበር። አንፊልድ የገባው ሕዝብ ከዚያ በእጅጉ ይበልጣል። ምክንያቱም ፕሮግራሙ የሚተላለፈው ገና በተከፈተው ቢቢሲ 2 ነበር፤ ጣቢያው ደግሞ ያኔ የሚደርሰው ለንደንና አካባቢዋ ብቻ ነው። በዚያ ላይ ስርጭቱ ቀጥታ አልነበረም። ጨዋታው ካለቀ በኋላ ተቆራርጦ የቀረበ ነው። የክለብ ባለቤቶች ካሜራን ይፈሩ ነበር። ሰው ሶፋው ላይ ተቀምጦ ካየ ለምን ትኬት ይቆርጣል ብለው ነው።

የሊግ ጨዋታ በመደበኛነት በቀጥታ መታየት የጀመረው በ1983 ነው። ያኔም ቢቢሲና የንግድ ጣቢያው አይቲቪ ተካፍለውት ነበር። ከዚያ በ1988 አይቲቪ ለአራት ዓመት 44 ሚሊዮን ፓውንድ ከፍሎ ቀጥታውን ለብቻው ጠቀለለው። የአርሴናል ደጋፊዎች የማይረሱት የ1989 ምሽት አለ። ማይክል ቶማስ አንፊልድ ላይ በመጨረሻዋ ደቂቃ አግብቶ ዋንጫውን የወሰደበት ነው። እሱን በቀጥታ ያሳየው አይቲቪ ነበር። ስካይ ሲመጣ ታዲያ ቢቢሲ እጅ ላይ የሚቀማ የቀጥታ ሊግ አልነበረም።

«ስካይ ቢቢሲን ዘረፈው»

እውነቱ ተቃራኒው ነው። በ1992 ፕሪሚየር ሊግ ሲመሠረት ጨረታውን የተሸነፈው አይቲቪ ነው። አሸናፊው ደግሞ ስካይ ብቻውን አልነበረም። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የ304 ሚሊዮን ፓውንድ የአምስት ዓመት ውል የስካይና የቢቢሲ የጋራ ውል ነው። ስካይ ቀጥታውን ወሰደ፤ ቢቢሲ ሃይላይቱን፣ ማለትም ጨዋታው ካለቀ በኋላ ተቆራርጦ የሚቀርበውን። ስካይን ዘራፊ ካልነው ቢቢሲን ግብረ አበር ልንለው ነው።

ለምን እንዲህ አደረገ? ለብቻው ጨረታ ገብቶ ቀጥታውን ለመግዛት አቅም አልነበረውም። ሃይላይቱ ግን ርካሽ ነው፤ ዲሽ የሌለውም ቤት ይደርሳል። በእኔ እይታ ያ ውሳኔ ብልህነት ነበር። ማች ኦፍ ዘ ዴይ ቅዳሜ ማታ ነፍስ ዘራ። ከ2001 እስከ 2004 አይቲቪ ሃይላይቱን ወስዶበት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን ከቢቢሲ እጅ አልወጣም።

«እንግሊዝ የሚኖር ሰው ሁሉንም ጨዋታ ያያል»

እዚህ ጋ ሳቄ ይመጣል። አዲስ አበባ ሆኖ ሙሉ ፓኬጅ ያለው ሰው፣ ማንቸስተር ከሚኖረው ሰው የበለጠ የቀጥታ ጨዋታ ሊያይ ይችላል።

እንግሊዝ ውስጥ ቅዳሜ ከሰዓት የሚከለከል ሰዓት አለ። በለንደን ሰዓት፣ በእኛ አቆጣጠር ብንጠራው ከቀኑ 8:45 እስከ 11:15፣ ማለትም ከቀኑ 9 ሰዓት የሚጀምሩ ጨዋታዎች በሚካሄዱበት ጊዜ፣ ማንም ጣቢያ እግር ኳስ በቀጥታ አያሳይም። አዲስ አበባ ላይ ላለ ሰው እነዚያ ጨዋታዎች እንደ ወቅቱ 11 ወይም 12 ሰዓት ላይ ይጀምራሉ። ደንቡ የመጣው በ1960ዎቹ ነው። የበርንሌይ ሊቀመንበር የነበረው ቦብ ሎርድ ከዋና አቀንቃኞቹ አንዱ ነበር። ሐሳቡ የትናንሽ ክለቦችን በር ለመጠበቅ ነው። ቴሌቪዥን ላይ ሊቨርፑል እየተጫወተ ሰው የሰፈሩን የአራተኛ ሊግ ቡድን ለማየት አይወጣም ከሚል።

ከ2025/26 ጀምሮ በወጣው ውል ስካይ ቢያንስ 215፣ ሌላው የክፍያ ጣቢያ ቲኤንቲ ስፖርትስ 52 ጨዋታ ያሳያሉ። በዓመት ያለው ጨዋታ 380 ነው። የቀሩትን እንግሊዛዊው በቀጥታ የሚያይበት ሕጋዊ ጣቢያ የለውም። የቅዳሜ ማታው የቢቢሲ ሃይላይት እስከ ዛሬ ያልሞተበት አንዱ ምክንያት ይኼ ነው።

«የመንግሥት ጣቢያ ስለሆነ ገንዘብ አይቸግረውም»

ቢቢሲ የሚተዳደረው በዋናነት ከየቤቱ በሚሰበሰብ የቴሌቪዥን ፈቃድ ክፍያ ነው። ለንደን ያሉ ዘመዶቻችን የክፍያውን ደብዳቤ በደንብ ያውቁታል። በማንኛውም ጣቢያ ቀጥታ ስርጭት የሚያይ ቤት ይከፍላል፤ ቢቢሲን ባይከፍትም። በሚያዝያ 2025 ክፍያው በዓመት 174.50 ፓውንድ ሆኖ ነበር። መጠኑን የሚወስነው መንግሥት ነው። ከ2010 እስከ 2017 በ145.50 ላይ ተገትሮ ቆይቷል። ኑሮው እየተወደደ፣ የስፖርት መብት ዋጋም እየተተኮሰ፣ የቢቢሲ ገቢ ግን ባለበት ቆመ ማለት ነው።

ሒሳቡን እንየው። የፕሪሚየር ሊግ የአሁኑ የአገር ውስጥ ውል ለአራት ዓመት 6.7 ቢሊዮን ፓውንድ ነው። በዓመት 1.7 ቢሊዮን ይጠጋል። ቢቢሲ ከፈቃድ ክፍያ በዓመት የሚያገኘው 3.8 ቢሊዮን ገደማ ነው። ኳሱን ልግዛ ቢል ግማሽ ሊሞላ ትንሽ የቀረው ገቢው በአንድ ውድድር ያልቃል። ዜናውስ? ድራማው፣ የልጆች ፕሮግራሙ፣ ሬዲዮኑስ? ኳስ የማትወድ የሰማንያ ዓመት አሮጊትስ ለሃላንድ ጎል ለምን ትክፈል? ይህ ጥያቄ እንግሊዝ ውስጥ በየጊዜው ይነሳል፤ ተገቢም ነው።

ስለዚህ ቢቢሲ አንድ አንዱን እየለቀቀ መጥቷል። ፎርሙላ ዋንን ከ2015 የውድድር ዓመት በኋላ ተወ። የኦፕን ጎልፍ ቀጥታ ስርጭት ከ2016 ጀምሮ ወደ ስካይ ሄደ። የስድስቱ አገሮች የራግቢ ውድድርን ከአይቲቪ ጋር ይካፈላል፤ ከ2026 ጀምሮ ድርሻው ከ15 ጨዋታ 5 ብቻ ነው። የኦክስፎርድና የካምብሪጅ የጀልባ ውድድርም በ2026 ወደ ሌላው ነጻ ጣቢያ ወደ ቻናል 4 ዞሯል።

«ሕጉ ትልልቅ ውድድሮችን ለቢቢሲ ይሰጣል»

አይሰጥም። የ1996ቱ የብሮድካስት ሕግ የሚጠብቃቸው ውድድሮች ዝርዝር አለ። የዓለም ዋንጫ፣ የአውሮፓ ዋንጫ፣ ኦሊምፒክ፣ የኤፍኤ ካፕ ፍጻሜ፣ የዊምብልደን ፍጻሜዎች፣ ግራንድ ናሽናል የፈረስ እሽቅድምድም ይገኙበታል። በ2020 ፓራሊምፒክ፣ በ2022 የሴቶች የዓለምና የአውሮፓ ዋንጫ ተጨመሩ። ሕጉ የሚለው ቢያንስ ለ95 በመቶው ሕዝብ በነጻ የሚደርሱ ጣቢያዎች በተመጣጣኝ ዋጋ የመግዛት ዕድል ይኑራቸው ነው። አይቲቪም፣ ቻናል 4ም ያው ዕድል አላቸው። ፕሪሚየር ሊጉ ደግሞ ከዝርዝሩ ውስጥ ገብቶ አያውቅም።

ዝርዝሩ ያለውን ጉልበት ለማየት ክሪኬትን ማየት ይበቃል። እንግሊዝ በሜዳዋ የምታደርጋቸው ቴስት የሚባሉት የአገር ለአገር ጨዋታዎች በ1998 ከዋናው ዝርዝር ወጡ። በቀጣዩ ዓመት ከቢቢሲ ወደ ቻናል 4 ሄዱ። በ2005 እንግሊዝ አውስትራሊያን ስታሸንፍ አገር በነጻ አየ። ከዓመት በኋላ ሁሉም የስካይ ሆነ።

«የለንደን ኦሊምፒክን የቀረጸው ቢቢሲ ነው»

ነሐሴ 3 ቀን 2012 ጥሩነሽ ዲባባ በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ስትወስድ ምስሉን የቀረጸው የኦሊምፒክ ኮሚቴው የራሱ የስርጭት ተቋም ነው። በማግስቱ ምሽት ሞ ፋራህ በዚያው ርቀት ሲያሸንፍና ታሪኩ በቀለ ነሐስ ሲያገኝም እንዲሁ። የእንግሊዙም የእኛም ተመልካች የሩጫውን ምስል ያገኘው ከአንድ ምንጭ ነው። የሚለየው ድምፁና ምርጫው ነበር።

ምርጫው ላይ ግን ቢቢሲ ያኔ ጉድ ሠርቷል። እስከ 24 የቀጥታ መስመር ከፍቶ ከክብደት ማንሳት እስከ ቀስት ውርወራ ተመልካቹ የፈለገውን እንዲያይ አደረገ። ከዚያ በ2015 የአሜሪካው የቴሌቪዥን ኩባንያ ዲስከቨሪ የአውሮፓን የኦሊምፒክ መብት በ1.3 ቢሊዮን ዩሮ ገዛ። ቢቢሲም ከባለ መብቱ ላይ ቆርጦ የሚገዛ ሆነ። በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሊምፒክ በአንድ ጊዜ በቀጥታ ማሳየት የሚችለው ሁለት ውድድር ብቻ ነበር። የለመደው ተመልካች «ምነው?» ብሎ ተቆጣ። የሕዝብ ጣቢያው ቦታ እንዴት እንደተቀየረ ከዚህ በላይ ግልጽ የሚያደርግ ምሳሌ አላውቅም። ከሃያ አራት ወደ ሁለት።

«ቀጥታ ከሌለው ስፖርት የለውም»

ሬዲዮን የረሳ ነው እንዲህ የሚለው። ቢቢሲ የእግር ኳስ ጨዋታን በቀጥታ በሬዲዮ ማስተላለፍ የጀመረው ጥር 22 ቀን 1927 ነው፤ አርሴናል ከሼፊልድ ዩናይትድ፣ ሃይበሪ ላይ። ዛሬም የቢቢሲው ሬዲዮ 5 ላይቭ ያው ሥራ ላይ ነው። የቅዳሜው ክልከላ የቴሌቪዥን እንጂ የሬዲዮ አይደለም።

ሌላው የሴቶች ኳስ ነው። ሐምሌ 31 ቀን 2022 እንግሊዝ ጀርመንን አሸንፋ የአውሮፓ ዋንጫን ስትወስድ፣ በቢቢሲ ዋን ብቻ በአንድ ወቅት 17.4 ሚሊዮን ሰው እያየ ነበር። በክፍያ ቴሌቪዥን ተቆልፎ ቢሆን ይህ ቁጥር የሚታሰብ አይደለም።

በኮቪድ ጊዜም፣ ሰኔ 20 ቀን 2020፣ ቢቢሲ በርንማውዝና ክሪስታል ፓላስን በቀጥታ አሳየ። የፕሪሚየር ሊግ ጨዋታ በቢቢሲ በቀጥታ ሲተላለፍ ያ የመጀመሪያው ነው። ስታዲየሙ ባዶ፣ ጨዋታው ቀዝቃዛ። ግን ነጻ!

«የኛም ጣቢያ እንደ ቢቢሲ ያድርግ»

ይኼኛው ከስህተትነቱ ይልቅ የተጣደፈ ንጽጽር ነው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የተከፈተው ማች ኦፍ ዘ ዴይ በጀመረበት በዚያው በ1964 ነው። ኢትዮጵያ በ1962 አዲስ አበባ ላይ የአፍሪካ ዋንጫን ስትወስድ ጣቢያው ገና አልነበረም። ከዚያ ወዲህ የሁለቱ መንገድ ለየቅል ነው። ቢቢሲ አገር ውስጥ ማስታወቂያ አይሸጥም፤ ኢቢሲ ይሸጣል። እኛ ጋ የፈቃድ ክፍያ ሰብስቦ መብት የሚጫረት ጣቢያ የለም። በ2020 የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ የስርጭት መብት ለዲኤስቲቪ ሲሸጥ፣ ሊጉ ያላየውን ገንዘብና በአማርኛ የሚተላለፍ ቀጥታ ስርጭት አገኘ። ዲኮደር የሌለው ደጋፊ ደግሞ ውጪ ቀረ። «እንደ ቢቢሲ ያድርግ» የሚል ሰው መጀመሪያ አንድ ጥያቄ መመለስ አለበት። ዲኮደር ለሌለው ደጋፊ የሚሆነውን ገንዘብ ማን ያዋጣ? መንግሥት፣ ማስታወቂያ አስነጋሪ ወይስ እያንዳንዱ ቤት?