ድራይቨር ምንድን ነው?

«ሊኑክስ ጫንኩ፣ ዋይፋይ እንኳን አያውቅም፣ ኋላቀር ነው» የሚል ነገር (ሊኑክስ እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅስ ሲስተም ነው) ለስንተኛ ጊዜ እንዳነበብኩ እንጃ፣ ትናንት ደግሞ አንዱ «ድራይቨር ማለት ያው ሲስተሙ ውስጥ ያለ ሴቲንግ ነው» እያለ ሰው ሲያስረዳ አይቼ ማለፍ አቃተኝ። ሴቲንግ አይደለም ወንድሜ። ራሱን የቻለ ፕሮግራም ነው፣ ሰው ቁጭ ብሎ ለአንዲት ቺፕ፣ ለምሳሌ ለዋይፋዩ፣ ብሎ የጻፈው።

ችሎት አስቡ። ዳኛው ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) ነው፣ ምስክሩ የዋይፋይ ካርዱ ነው፣ ቋንቋቸው አይገናኝም፣ መሀል የቆመው አስተርጓሚ ድራይቨሩ ነው። አስተርጓሚውን ብዙ ጊዜ የሚያሰለጥነው ካርዱን የሰራው ኩባንያ ነው፣ ገበያው ደግሞ ዊንዶውስ ጋ ስለሆነ ለዊንዶውስ ዳኛ ብቻ አሰልጥኖ ይልከዋል። ያው ምስክር ሊኑክስ ችሎት ሲቀርብ የሚያስተረጉምለት ሰው ከሌለ ዳኛው ምን አጠፋ?

የብሮድኮም ካርዶችን ውሰዱ። ኩባንያው የካርዱን አሰራር የሚገልጸውን ሰነድ ስላላወጣ በጎ ፈቃደኞች ምስክሩና የኩባንያው አስተርጓሚ ሲያወሩ ከበር ውጭ ቆመው እንደማዳመጥ ያለ ስራ ሰርተው መዝገበ ቃላቱን ራሳቸው ጻፉት፣ ያውም ኮፒ አደረጋችሁ ተብለው እንዳይከሰሱ የሚያዳምጠው ቡድን ሌላ፣ ድራይቨሩን የሚጽፈው ሌላ ነበር። ድራይቨሩ በ2006 የሊኑክስ ከርነል ውስጥ ገባ (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። ኩባንያው ራሱ ክፍት (ኮዱ ለሁሉም የሚታይ) ድራይቨር ያወጣው በ2010 ነው። ይሄን ሁሉ ልፋት «ኋላቀር» ብሎ መጥራት ያናድዳል።

ፈርምዌርን ግን ከዚህ ጋር አታምታቱ። ፈርምዌር ካርዱ ራሱ ውስጥ የሚሰራ ፕሮግራም ነው፣ በችሎቱ ምሳሌ ምስክሩ በተነሳ ቁጥር የሚነበብለት ወረቀት ነው፣ ሳይነበብለት አፉን አይከፍትም፣ አስተርጓሚ ቢኖርም። ወረቀቱ የኩባንያው ስለሆነ ዴቢያን (አንዱ የሊኑክስ ዓይነት) ስሪት 12 በ2023 እስኪወጣ ድረስ ዋናው መጫኛው ውስጥ አያካትተውም ነበር። ወረቀቱን ለማውረድ ኢንተርኔት ያስፈልጋል፣ ኢንተርኔቱ ደግሞ በዛው ካርድ ነው፣ እኛ ጋ ደግሞ ኬብል የሚሰካበት ቤት ስንት ነው? እዚህ ላይ የተጣበቃችሁ ስልካችሁን በዩኤስቢ ሰክታችሁ ቴዘሪንግ (የስልኩን ኢንተርኔት ለኮምፒውተሩ ማካፈያውን) ክፈቱ፣ ስልኮች ለዚህ የሚጠቀሙበት ቋንቋ የታወቀ ስለሆነ አስተርጓሚው ከርነሉ ውስጥ አለ።

ሊኑክስ እንኳን ብዙ ሰው አለው። ሃይኩ የሚባለውን ሌላ ሲስተም ተመልከቱ፣ በ2001 ተጀምሮ የመጀመሪያው ቤታ (የሙከራ ስሪት) የወጣው በ2018 ነው፣ የኔትወርክ ድራይቨር ሁሉ ከዜሮ መጻፍ ስለማይችሉ ፍሪቢኤስዲ ከሚባል ሌላ ሲስተም ችሎት አስተርጓሚ ተውሰው በሁለቱ መሀል ሌላ አስተርጓሚ አቆሙ። ሪአክትኦኤስ የሚባለው ሲስተም ደግሞ የዊንዶውስ አስተርጓሚ ሳይቀየር እንዲሰራ ዳኛውን ራሱን የዊንዶውስ ዳኛ አስመስሎ መስራት ነው የያዘው፣ እስካሁን ከአልፋ (ከቤታ በፊት ካለው የሙከራ ደረጃ) አልወጣም፣ ምክንያቱም የዛን ዳኛ ልማድ አንድ በአንድ፣ ያልተጻፈውንም ጭምር፣ ማወቅ አለበት።

ሊኑክስም ጥፋት የለበትም አላልኩም። የከርነሉ ውስጣዊ አሰራር ከስሪት ስሪት ይቀየራል፣ ከውጭ የተጫነ ድራይቨር ከአፕዴት በኋላ ድንገት እምቢ የሚለው ለዛ ነው። ገንቢዎቹ ሆን ብለው ነው፣ ድራይቨሩ ከርነሉ ውስጥ ገብቶ አብሮ እንዲታደስ ይፈልጋሉ፣ እኔም በዚህ እስማማለሁ፣ ተጠቃሚው ላይ የሚያደርሰው ጣጣ ግን እውነት ነው።

ያገለገለ ላፕቶፕ የምትገዙ ሰዎች ላይቭ ዩኤስቢ (ሳይጫን ሊኑክስ የሚያስነሳ ፍላሽ) ይዛችሁ ሂዱ፣ እዛው ሱቁ ውስጥ አስነሱትና ዋይፋዩ በዙሪያው ያሉትን ኔትወርኮች ማሳየቱን፣ ድምጹ መስራቱን፣ ተከድኖ ሲከፈት መንቃቱን እዩ፣ ከዛ ክፈሉ።