«የሰው ወርቅ አያደምቅ»፦ የተዋሰ ዝና ምን ያስከፍላል?

አባባሉ ሦስት ቃል ነው። ተራ ንግግር ቢሆን ኖሮ «አያደምቅም» ይባል ነበር፤ «ም» የወደቀችው «ወርቅ» ከ«አያደምቅ» ጋር ቤት እንዲመታ ነው። የሚነገረውም በተዋሰው ለሚኩራራ፣ የሌላውን አነጋገር፣ አለባበስና አካሄድ ገልብጦ እንደ ራሱ ለሚያሳይ ሰው ነው።

ብዙዎች ሲተረጉሙት «ውሸት አይዘልቅም» ይሉታል። ይህ ግን የሌላ ተረት ሥራ ነው። እዚህ ወርቁ እውነተኛ ወርቅ ነው፣ ማንም አርቴፊሻል ነው አላለም። ታዲያ እውነተኛ ወርቅ እንዴት አያደምቅም?

መልሱ ያለው በውሰት ልማድ ውስጥ ነው። ገንዘብ ወይም እህል ይበደሩታል፣ በልኩ ይመልሱታል። ጌጥ ግን ይዋሱታል፤ የሚመለሰውም ራሱ እቃው ነው። ለሠርግ፣ ለክርስትና ወይም ለጥምቀት ሐብልና ጉትቻ ከዘመድ ወይም ከጎረቤት መዋስ የኖረ ነገር ነው፣ አዲስ አበባም ውስጥ አልቀረም። አዋሿ መቆለፊያውን ከፍታ ዘግታ ታሳያለች፣ ጉትቻው ጥንድ መሆኑ ይታያል፣ የሚመለስበት ቀን ይነገራል። ከተበጠሰ ወርቅ ሠሪ ዘንድ የምትወስደው ተዋሿ ናት፤ ከጠፋም ትተካለች።

ተዋሿ እንግዲህ ሠርጉ ቤት ስትገባ ይህን ሁሉ ተሸክማ ነው። እስክስታው ሲሞቅ ትከሻዋ ይነሣል፣ እጇ ግን አንገቷን ይፈትሻል። ሰው በተጋፋ ቁጥር ጆሮዋን ትዳብሳለች። አዋሿ እዚያው አዳራሽ ውስጥ ካለች ደግሞ ይብሳል፤ በየመሐሉ ዓይኗ ወደዚያ ይሄዳል። ድምቀት የሚመጣው ሰው ራሱን ረስቶ ሲጫወት ነውና የተዋሰ ሰው ራሱን ለመርሳት ፋታ የለውም። አባባሉ የያዘው ዋጋ ይኸው ነው፦ ያለማቋረጥ መጠበቅ።

ዛሬ መስቀል አደባባይ ደረጃዎቹ ላይ፣ ወይም ፒያሳ ዓድዋ ድል መታሰቢያ አጠገብ፣ ስልኩን ማቆሚያ ላይ ሰክቶ ያችኑ ጥቂት ሰከንድ ደጋግሞ የሚቀርጽ ወጣት አይጠፋም። ድምፁ ከሌላ ቪዲዮ የመጣ ነው፣ ውዝዋዜውም፣ አቀራረቡም እንዲሁ ሰሞኑን ከተወራለት ሰው። በዚህ ክፋት የለም፤ የትኛውም ሙያ በመቅዳት ይጀመራል። አደጋው የሚመጣው የተዋሰው ነገር ሲሰምርለት ነው። ሰው የወደደው ያንን ነውና ከዚያ በኋላ አውልቆ መመለስ ይከብዳል።

አንዱ ቪዲዮ መቶ ሺህ ጊዜ ይታያል፣ ቀጣዩ አራት መቶ ላይ ይቆማል። ለምን እንደሆነ ለሠሪው የሚነግረው የለም። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ፈርስተርና ስኪነር እ.ኤ.አ. በ1957 በስፋት እንዳሳዩት፣ መቼ እንደሚመጣ የማይታወቅ ሽልማት የለመደ ፍጡር ሽልማቱ ቢቋረጥበት እንኳ ለረጅም ጊዜ መሞከሩን አይተውም። ስልኩ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት የሚከፈተው ለዚህ ነው። በዚህ ላይ ሌሎቹ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ክሮከርና ዎልፍ እ.ኤ.አ. በ2001 ያብራሩት ነገር ይጨመራል፦ ሰው ለራሱ የሚሰጠው ግምት በአንድ ነገር ላይ ሲንጠለጠል ስሜቱም ከዚያ ነገር ጋር ሲወጣና ሲወርድ ይውላል። ተመልካቹ ሲቀንስ ቪዲዮው ደካማ ነበር ማለት ቀርቶ «እኔ ምንም አይደለሁም» ማለት ይመጣል።

ዝናውን ካገኘሁት ያርፍልኛል የሚል ካለ፣ የዚሁ ሙያ ተመራማሪዎች ኒሚየክ፣ ራያንና ዴሲ እ.ኤ.አ. በ2009 ኮሌጅ የጨረሱ ወጣቶችን ተከታትለው ያገኙትን ማወቅ አለበት። ገንዘብን፣ ዝናንና መልክን ግብ አድርገው የተሳካላቸው ሰዎች እርካታቸው በዚያ አልጨመረም፤ እንደ ጭንቀት ያሉ ምልክቶች ግን ከዚሁ ስኬት ጋር አብረው ከፍ ብለው ታይተዋል። ሐብሉ አንገት ላይ ከዋለ በኋላም መዳበሱ አይቀርም ማለት ነው።

ራስን በየጊዜው እንደ አዲስ መሥራት ደግሞ ሌላ ወጪ አለው። ይህን የፒያሳ ወርቅ ሠሪዎች ከማንም በላይ ያውቁታል። (ፒያሳ ራሷ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ መልኳ ብዙ ተለውጧል፣ ግን ወርቅ ሲባል ለአዲስ አበቤ ቀድማ የምትታወሰው አሁንም እሷ ናት።) 18 ካራት ማለት ከ24 እጅ 18ቱ ንጹሕ ወርቅ ነው፤ 10 ግራም የሚመዝን የእጅ አምባር ውስጥ 7.5 ግራም ንጹሕ ወርቅ አለ። አምባሩን አቅልጦ ጉትቻ፣ ጉትቻውን አቅልጦ ቀለበት ማሠራት ይቻላል። ሆኖም በእያንዳንዱ ዙር ሞረዱ የሚያነሣው ብናኝ አለ፣ ሲወለወል የሚሄድ አለ፣ ለመበየጃ የሚገባው ድብልቅ ካራቱን ትንሽ ዝቅ ያደርገዋል። የእጅ ዋጋ በየዙሩ እንደ አዲስ ይከፈላል። አሮጌውን እሸጣለሁ ያለ ቀን ደግሞ የሚከፈለው በክብደት ነው፤ ያ ሁሉ የእጅ ዋጋ አይቆጠርለትም።

በጥቅምት ቀልደኛ፣ በገና መንፈሳዊ መካሪ፣ በፋሲካ የንግድ አሠልጣኝ የሆነ ሰውም እንዲሁ ነው። ለቀልዱ የመጡት ምክሩን አይፈልጉም፣ ይሄዳሉ። አዲሱን መልክ እንዳያበላሹ ተብሎ የድሮ ቪዲዮዎች ይሰረዛሉ፤ ሲሰረዙ የሠራው ሥራ ማስረጃም አብሮ ይጠፋል። የድሮ ጓደኞች «ምን ሆነሃል?» ማለት ሲያበዙ ይርቃቸዋል። እንደ ወርቁ ብናኝ በየዙሩ የሚባክነው ግን ውስጥ ያለው ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ጄኒፈር ካምቤል እ.ኤ.አ. በ1990 እንዳሳየችው ስለ ማንነታቸው ያላቸው ግንዛቤ የተምታታባቸው ሰዎች ለራሳቸው ያላቸው ግምትም ዝቅ ያለ ነው። ምልክቱ ቀላል ነው፦ «ምን ትወዳለህ?» ሲባል ምን እንደሚወደው ሳይሆን ምን ቢል እንደሚወደድለት ያስባል።

ይህ ማለት ግን መልክ መቀየር ሁሉ ውሰት ነው ማለት አይደለም። በአገራችን አንድ ሰው ብዙ ስም መያዙ አዲስ ነገር አልነበረም። የዓለም ስም አለው፣ የክርስትና ስም አለው፣ የጦር ሜዳና የአደባባይ ሲሆን የፈረስ ስም አለው፦ ቴዎድሮስ «አባ ታጠቅ»፣ ምኒልክ «አባ ዳኘው»። ተፈሪ መኮንን በ1923 ዓ.ም. ዘውድ ሲጭኑ የነገሡበት «ኃይለ ሥላሴ» ከሌላ የመጣ ስም አልነበረም፤ የተጠመቁበት የራሳቸው ስም ነበር። ለዓለም አዲስ፣ ለባለቤቱ ግን ከሕፃንነት ጀምሮ የራሱ። አደባባይ የሚወጣ ሰው ከዚህ የሚወስደው ጥሩ ልማድ አለ፤ የአደባባዩን ስም ከቤቱ ስም ለይቶ መያዝ።

በተግባር ሲሆን፣ የሥራው አካውንት በሌላ ስልክ ቢሆን ይመረጣል፤ ሁለት ስልክ ከሌለ ከማታው ሦስት ሰዓት በኋላ አስተያየት አለማንበብ። ኢንስታግራም ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የመውደድ ቁጥርን መደበቅ ያስችላል፣ ይደበቅ። አዲስ አቀራረብ ከመያዝ በፊት «ማንም ባያየው ሦስት ወር እሠራዋለሁ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ብዙ ውሰት ያስቀራል። ስሙን ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቁ ሰዎችንም አለመተው ነው። እድርተኛ ስንት ተከታይ አለህ አይልም፤ ድንኳን ሲተከል መጥተህ ነበር ወይ ነው የሚለው። ጎረቤት ቤት ከአቦል እስከ በረካ መቀመጥ፣ ስልክን ቦርሳ ውስጥ ትቶ፣ ከማንኛውም ምክር ይሻላል ባይ ነን።

አባባሉን ራሱን አለቦታው መጠቀምም አለ። ሙያ ለመማር የጌታውን እጅ የሚቀዳ ለማጅ ላይ አይነገርም። ወድቆ ላፈረ ሰው መወርወሩም ከስድብ አይለይም፤ የሚጠቅመው ወርቁ ከመዋሱ በፊት፣ ያውም በሚወድ ሰው አፍ ሲነገር ነው።

እንቅልፍ ማጣት፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋት፣ ድሮ ደስ ይል የነበረ ነገር ማስጠላት ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቀጠለ ጉዳዩ ከተረትና ምሳሌ ያልፋል። በአቅራቢያ ካለ ጤና ጣቢያ መጀመር ይቻላል፤ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልም አዲስ አበባ ውስጥ ነው። «አማኑኤል ገባ» ተብሎ መወራትን የሚፈሩ ብዙ ናቸው፣ በተለይ ስሙ የታወቀ ሰው። እንዲህ ያለው ሰው ብቻውን ሂድ ከሚባል፣ ከቤተሰቡ አንድ ሰው ቀጠሮውን ይዞለት አብሮት ቢሄድ የመቅረቱ ዕድል ያንሳል። ራሱን ስለ መጉዳት የሚያወራ ከሆነ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፤ ለአፍታም ብቻውን ሳይተዉ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል ማድረስ ነው።