የሚያነባ ዓይን አይደርቅም የሚለው ስሕተት

«ዶክተር፣ ዓይኔ ቀኑን ሙሉ እንባ እያፈሰሰ እንዴት ደርቋል ይሉኛል?» የሚለውን ጥያቄ ሳልሰማ ያለፈ የሥራ ሳምንት አላስታውስም። ጠያቂው ብዙውን ጊዜ በውሃ ላይ ውሃ መጨመር ከንቱ ነው ብሎ ስላመነ ያዘዝኩለትን ሰው ሠራሽ እንባ የተባለ ጠብታ ሳይጠቀምበት የተመለሰ ሰው ነው።

እንባ ግን ውሃ ብቻ አይደለም። ከሥር ውሃውን ከዓይን ገጽ ጋር የሚያያይዝ ልጋግ መሰል ፈሳሽ፣ ከላይ ደግሞ ቶሎ እንዳይተን የሚሸፍነው ስስ ቅባት አለው። ቅባቱን የሚያመነጩት በዓይን ቆብ ጠርዝ ላይ የተደረደሩ ዕጢዎች ሲደፈኑ ውሃው ይተናል፣ የተራቆተው የዓይን ገጽ ይቆጠቁጣል፣ የእንባ ዕጢውም ጭስ እንደገባበት ሁሉ ውሃ ይለቃል። ይህ እንባ ዓይን ላይ ሳይረጋ በጉንጭ ስለሚወርድ ድርቀቱ እንዳለ ይቀራል።

ሁለት ዓመት ሙሉ መሐረብ ከእጁ ያልተለየ አንድ የሂሳብ ሠራተኛ አክሜ ነበር። የታችኛውን ቆብ በጣቴ ጫን ሳደርገው፣ እንደ ዘይት ጠርቶ መውጣት የነበረበት ቅባት እንደ ጥርስ ሳሙና ወፍሮ ወጣ። ሰው በተለምዶ በደቂቃ 15 ጊዜ ገደማ ዓይኑን ሲያርገበግብ፣ እርሱ ኮምፒውተር ላይ ሲያነብ የቆጠርኩለት 4 ጊዜ ብቻ ነበር። ጠዋትና ማታ ዓይኑን ጨፍኖ በሞቀ ውሃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ ለ10 ደቂቃ እንዲያደርግበት፣ ከዚያም ቆቡን ወደ ሽፋሽፍቱ አቅጣጫ ቀስ ብሎ እንዲያሽ፣ ጠብታውንም እንዳያቋርጥ ነገርኩት። ከስድስት ሳምንት በኋላ ሲመለስ መሐረብ አልያዘም ነበር።

የሕፃናት ዓይን የሚያነባው ብርድ መትቷቸው ነው መባሉም ስሕተት ነው። ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ እንባን ወደ አፍንጫ የሚያወርደው ቱቦ ጫፍ አለመከፈቱ ሲሆን፣ አብዛኛው አንድ ዓመት ሳይሞላ በራሱ ይከፈታል። የእናት ጡት ወተት ዓይን ውስጥ መጨመር ቱቦውን አይከፍትም፤ የሚረዳው የዓይኑን የውስጥ ማዕዘን በንጹሕ ጣት ወደ ታች ማሸት ነው። ሕፃኑ ብርሃን የሚሸሽ ወይም የዓይኑ ጥቁር ክፍል የተለቀ ወይም የደፈረሰ ከሆነ ግን ግላኮማ፣ ማለትም የማየት ነርቭን የሚጎዳ የዓይን ግፊት በሽታ፣ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ይመርመር።

አዋቂ ሰው ላይ ቱቦው ሙሉ በሙሉ ሲዘጋ ጠብታ አይከፍተውም፤ መፍትሔው እንባው ወደ አፍንጫ የሚወርድበትን አዲስ መንገድ የሚያበጅ ቀዶ ሕክምና ነው።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ለጎረቤት የታዘዘን ጠብታ መዋስ ነው። ስቴሮይድ ያለበት ጠብታ መቅላቱን ፈጥኖ ስለሚያጠፋ ያድናል ተብሎ ይታመናል፤ ያለ ክትትል ሲወሰድ ግን የዓይንን ግፊት ከፍ አድርጎ የማየት ነርቭን ሊጎዳ ይችላል፣ የተጎዳው ነርቭም ተመልሶ አይድንም።