የርቀት የእንስሳት ሕክምና ምንድን ነው?

የርቀት የእንስሳት ሕክምና ሐኪሙና ታካሚው በአካል ሳይገናኙ፣ በቪዲዮ ጥሪ፣ በስልክ ወይም በጽሑፍና በፎቶግራፍ አማካይነት የሚሰጥ የሕክምና አገልግሎት ነው። ትርጉሙ ሲነገር ለሰው ከሚሰጠው የቴሌሜዲሲን አገልግሎት የተለየ አይመስልም፤ ልዩነቱ የሚመጣው ታካሚው አንደበት የሌለው በመሆኑ ነው። ሰው «እዚህ ጋ ይወጋኛል» ብሎ ለሐኪሙ ያስረዳል፤ ድመት ግን ሕመም ሲሰማት አልጋ ሥር ገብታ ትደበቃለች፣ ውሻም እግሩ ተጎድቶ እያለ ጌታውን ሲያይ ጭራውን ይቆላል። ስለዚህ በዚህ ዓይነቱ ሕክምና የባለቤቱ ዓይን፣ ጆሮና እጅ በሐኪሙ ዓይን፣ ጆሮና እጅ ምትክ ሆነው ይሠራሉ፤ ሐኪሙ የቱንም ያህል የሠለጠነ ቢሆን ባለቤቱ ከሚያቀርብለት መረጃ አልፎ ሊያይ አይችልም።

በአማርኛ «የቤት እንስሳ» የሚለው ስም ላሟንም፣ በጉንም፣ ዶሮዋንም ስለሚያጠቃልል፣ ይህ ጽሑፍ የሚናገረው በሳሎንና በግቢ አብረውን ስለሚያድሩት ስለ ውሻና ስለ ድመት ብቻ መሆኑን አስቀድሜ ልግለጽ።

በዚህ ስም የሚጠሩት አገልግሎቶች አንድ ዓይነት አይደሉም። የመጀመሪያው አጠቃላይ ምክር ነው፤ ቡችላ በስንት ሳምንቱ ክትባት እንደሚጀምር ወይም ቁንጫ ከቤት እንዴት እንደሚጠፋ መጠየቅ ከዚህ ይመደባል። ሁለተኛው ልየታ ነው፤ ይኸውም እንስሳው አሁኑኑ ወደ ክሊኒክ መሄድ አለበት ወይስ እስከ ነገ መቆየት ይችላል የሚለውን መወሰን ነው። ሦስተኛው የበሽታውን ምንነት ለይቶ መድኃኒት እስከ ማዘዝ የሚደርሰው ሕክምና ነው። ብዙ ሰው የሚያስበው ሦስተኛውን ነው፤ በእኔ እምነት ግን ይህ አገልግሎት ለባለቤት ከሚያበረክተው ሁሉ የሚበልጠው ልየታው ነው።

ይህን የተማርኩት በራሴ ቤት ነው። ወንዱ ድመቴ አንድ ምሽት ወደሚጸዳዳበት የአሸዋ ሣጥን እየተመላለሰ ሲያምጥ አይቼ የሆድ ድርቀት ነው ብዬ ደመደምኩ፤ እስኪነጋ ልጠብቅ ወይስ አልጠብቅ የሚለውን ለመጠየቅ ብቻ በቪዲዮ ሐኪም አነጋገርኩ። ሐኪሟ ስለ ሆዱ ምንም ሳትጠይቀኝ በመጀመሪያ አሸዋውን እንዳገላብጠው አዘዘችኝ። አገላበጥኩት፤ ከጠዋት ጀምሮ አንድም የረጠበ ጓል አልነበረበትም። ድመቱ ያጣው ዓይነ ምድር ሳይሆን ሽንት ነበር። ንግግራችን አምስት ደቂቃ እንኳ አልሞላም፤ መድኃኒትም አላዘዘችልኝም፤ በአቅራቢያዬ ወዳለው ሌሊት ወደሚሠራ የእንስሳት ሆስፒታል ወዲያውኑ እንድሄድ ብቻ ነገረችኝ፤ እዚያም በዚያው ሌሊት በቱቦ ሽንቱ ወጣለት። የወንድ ድመት የሽንት መውጫ ቀጭን በመሆኑ ጥቃቅን ጠጠርና ንፍጥ መሰል ነገር በቀላሉ ይዘጋዋል፤ ሙሉ በሙሉ ከተዘጋ በሽንት መወገድ የነበረበት ፖታሲየም የተባለ ንጥረ ነገር በደም ውስጥ እየተጠራቀመ ልብን ስለሚያውክ ድመቱ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ሊሞት ይችላል። እስኪነጋ ጠብቄ ቢሆን ኖሮ የሚለው ሐሳብ ዛሬም ድረስ ያስጨንቀኛል።

ወደ መድኃኒት ማዘዙ ስንመጣ ጉዳዩ ከሕግ ጋር ይገናኛል። በአሜሪካ አንድ የእንስሳት ሐኪም መድኃኒት ለማዘዝ በሐኪሙ፣ በባለቤቱና በታካሚው መካከል በሕግ የታወቀ ግንኙነት መኖር አለበት፤ ይህ ግንኙነት በአካል ሳይገናኙ በቪዲዮ ብቻ ሊመሠረት ይችላል ወይስ አይችልም በሚለው ላይ የየግዛቱ ሕግ ይለያያል። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በሎስ አንጀለስ፣ እንዲያውም በመላው ካሊፎርኒያ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ግንኙነቱን ድምፅና ምስል ባለው የቀጥታ ጥሪ መመሥረት ተፈቅዷል። መጠይቅ ሞልቶ መላክ ብቻውን ግን አይበቃም፤ ሐኪሙም የካሊፎርኒያ የሥራ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። በቪዲዮ ብቻ ላየው እንስሳ የሚያዝዘው አንቲባዮቲክ ከ14 ቀን ማለፍ የለበትም፤ ጥብቅ ቁጥጥር የሚደረግባቸውን መድኃኒቶች ደግሞ እንስሳውን በአካል ሳይመረምር ጨርሶ ሊያዝዝ አይችልም። ፍሎሪዳም በዚያው ዓመት ተመሳሳይ በር ከፍታለች።

ከግዛቶቹ ሕግ በላይ የፌዴራሉ ሕግ አለ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1994 የወጣው ሕግ ለሰው የተፈቀደን መድኃኒት ለእንስሳ ማዘዝን፣ ወይም የእንስሳ መድኃኒትን በመለያው ላይ ከተጻፈው ውጭ መጠቀምን የሚፈቅደው ሐኪሙ እንስሳውን በአካል የሚያውቀው ሲሆን ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት በማርች 2020 ይህን ግዴታ ለጊዜው አላልቶት ነበር፤ በፌብሩዋሪ 2023 ግን ማላላቱን አነሣ። ስለዚህ በቪዲዮ ያነጋገራችሁት ሐኪም አንድን መድኃኒት ለማዘዝ «መጀመሪያ በአካል ልየው» ቢላችሁ፣ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይህ ሕግ ነውና ገንዘብ ለመጨመር የተፈጠረ ሰበብ አድርጋችሁ አትውሰዱት።

በርቀት በደንብ የሚታዩ ችግሮች አሉ። የቆዳ ቁስልና እከክ፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ የስፌቱ አያያዝ፣ የጠባይ ለውጥ፣ ቀደም ሲል የታወቀ ሕመም ክትትል ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። ለድመት ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው፤ በሣጥን ተጭና በመኪና ተጉዛ ክሊኒክ የምትደርስ ድመት በፍርሃት ልቧ ስለሚመታና ሰውነቷ ስለሚገታተር፣ በቤቷ ምንጣፍ ላይ ተኝታ በስልክ ካሜራ የምትታየው ድመት ለሐኪሙ ይበልጥ እውነተኛውን መልኳን ታሳያለች። ሳልና ማነከስም እንዲሁ በክሊኒክ ውስጥ ሲፈለጉ ይጠፋሉ፤ የሚያነክስን ውሻ በእርምጃ እየሄደ ከጎን፣ ከፊትና ከኋላ ቀድሞ መቅረጽ ከረዥም ገለጻ ይበልጣል።

ከጥሪው በፊት ባለቤቱ ራሱ ሊለካቸው የሚችላቸው ሁለት ነገሮች አሉ፤ ሁለቱም መሣሪያ አይፈልጉም። አንደኛው ትንፋሽ ነው። እንስሳው እንቅልፍ ሲወስደው የደረቱን ከፍና ዝቅ ማለት እያያችሁ ሰዓት ይዛችሁ ለ30 ሰከንድ ቁጠሩ፤ አንድ ጊዜ ከፍና ዝቅ ማለቱ አንድ ትንፋሽ ነው፤ ያገኛችሁትን በ2 አባዙት። ጤነኛ ውሻና ድመት ተኝተው በደቂቃ ከ30 በታች ይተነፍሳሉ፤ ቁጥሩ በተደጋጋሚ ከዚያ ካለፈ ለሐኪሙ መነገር አለበት። ሁለተኛው ድድ ነው። የላይኛውን ከንፈር ቀስ ብላችሁ ገልጣችሁ ድዱን በጣታችሁ ጫን አድርጉና ልቀቁት፤ የነጣው ቦታ በሁለት ሰከንድ ውስጥ ወደ ሮዝ ቀለሙ መመለስ አለበት። ድዱ በተፈጥሮው ጥቁር ከሆነ የታችኛውን የዓይን ቆብ ውስጡን ተመልከቱ። የገረጣ ወይም የሰማያዊነት መልክ ያለው ድድ፣ አፏን ከፍታ የምትተነፍስ ድመት፣ ሆዱ ተነፍቶ ለማስታወክ እየታገለ ምንም የማይወጣለት ትልቅ ውሻ፣ የማያቋርጥ መንቀጥቀጥ፣ እነዚህ የቪዲዮ ቀጠሮ የሚጠብቁ አይደሉም።

ሐኪሙ ከሚጠይቃቸው ጥያቄዎች አንዱ «ምን በላ?» የሚል ነው፤ ለእኛ ማኅበረሰብ ልዩ ትርጉም ያለውም ይህ ጥያቄ ነው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻንና የድመትን ቀይ የደም ሕዋሳት ይሰባብራሉ፤ ድመት ደግሞ ከውሻም የባሰ ትጎዳለች፤ መቀቀሉም መርዝነቱን አያጠፋውም። ወጣችን የሚጀምረው ብዙ ሽንኩርት በማቁላላት መሆኑን የውጭ አገር ሐኪም ከየት ያውቃል? «ትንሽ ሥጋና እንጀራ ነው የበላው» ብቻ ካልነው ደም ማነሱን ላይጠረጥር ይችላል። ስለዚህ ወጡ በምን እንደተሠራ፣ ምን ያህል እንደበላና ከስንት ቀን ወዲህ እንደሚበላ ዘርዝሮ መንገር ያስፈልጋል። በደግነት የሚሰጥ ፓራሲታሞልም እንዲሁ ነው፤ የድመት ጉበት ይህን መድኃኒት የማስወገድ አቅሙ እጅግ ዝቅተኛ በመሆኑ አንዲት ፍሬ እንኳ ልትገድላት ትችላለች። ከመደወላችሁ በፊት ለእንስሳው የሰጣችሁት ነገር ካለ አትደብቁ፤ ሐኪሙ የሚፈልገው መረጃውን እንጂ እናንተን መውቀስ አይደለም።

በኢትዮጵያ የእንስሳት ሕክምና በዋነኛነት ያደገው በከብት ዙሪያ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅም፣ የእንስሳት ክትባት የሚመረትበት ብሔራዊ ተቋምም የሚገኙት በቢሾፍቱ ነው። ውሻና ድመት የሚያዩ ክሊኒኮች ከትልልቅ ከተሞች ውጭ በማይበዙበት አገር፣ በቴሌግራም ፎቶ ልኮ ሐኪም መጠየቅ ትልቅ እፎይታ ነው። ሆኖም ፎቶ አይቶ መርፌ የሚያዝዝን ሰው ፈቃድ ያለው ሐኪም መሆኑን፣ የእንስሳውንም ክብደትና ዕድሜ መጠየቁን ማረጋገጥ ተገቢ ነው፤ ክብደት ያልጠየቀ ሰው መጠኑን በምን ሊያሰላ ይችላል?

በተለይ የእብድ ውሻ በሽታ በርቀት የሚዳኝ አይደለም። በበሽታው የተያዘ ውሻ መዋጥ ስለሚያቅተውና ለሃጩ ስለሚዝረከረክ፣ ባለቤቱ አጥንት የተሰነቀረበት መስሎት አፉን ከፍቶ ጣቱን ይሰድዳል፤ አሁን ደግሞ ለሐኪም ለማሳየት በስልክ ሊቀርጸው ይሞክራል። ክትባቱ ያልተሟላ፣ ጠባዩ በድንገት የተለወጠና ለሃጩን የሚያዝረበርብ ውሻ አፉ መከፈት የለበትም፤ ከሰውና ከሌሎች እንስሳት ተለይቶ ሊዘጋበትና ለሚመለከተው የእንስሳት ጤና ጽሕፈት ቤት ሊነገር ይገባል። ነክሶ ወይም ቁስልን ልሶ ከሆነ፣ ቁስሉን በሚወርድ ውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ቀን ወደ ሰው ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል፤ የዚህ በሽታ ምልክት በሰው ላይ አንዴ ከታየ በኋላ የሚያድን ሕክምና የለምና።