«ኢዮልቺዮል»፦ ሙቀትን በሙቀት

ኮሪያውያን በሐምሌና በነሐሴ ወበቅ እንፋሎቱ የሚትጎለጎል ሾርባ ሲጠጡ፣ ወይም ከደጁ ሙቀት ሸሽተው ይባስ ብለው ወደ ጋለ ክፍል ሲገቡ አይቶ ለሚገረም እንግዳ የሚሰጡት መልስ «ኢዮልቺዮል» የሚል ነው። በአራት የቻይና ፊደላት የሚጻፈው ይህ አባባል «ሙቀትን በሙቀት መግታት» እንደ ማለት ሲሆን፣ ትኩሳት የያዘውን ሰው በማላብ ማዳንን፣ ሐሩርን በትኩስ ሻይ ማሸነፍን፣ አልፎም ኃይልን በኃይል መመከትን ይገልጻል። በዚህ በመጨረሻው አገባቡ የእኛን «እሾህን በእሾህ» ይመስላል፤ ዋናው መሠረቱ ግን ከጠብ ይልቅ ወደ ሕክምናው ያደላል።

የአገሩ ባህላዊ ሕክምና እንደሚለው፣ በሐሩር ወራት የሰውነት ሙቀት ወደ ቆዳ ስለሚወጣ ሆድ ዕቃ ይቀዘቅዛል፤ ስለዚህ መሞቅ ያለበት ውስጡ ነው። «ሳምቦክ» በሚባሉት ሦስት የወበቅ ቀናት፣ ሆዷ በሚያጣብቅ ሩዝ፣ በነጭ ሽንኩርትና ጂንሰንግ በተባለ የመድኃኒት ተክል ሥር ተሞልቶ የተቀቀለች ቄብ ዶሮ፣ ማለትም «ሳምግየታንግ»፣ የሚበላውም በዚሁ ምክንያት ነው። የዘመኑ ማብራሪያ ደግሞ ላብ ሲተን ገላን ያቀዘቅዛል ይላል። ይህ እውነት ቢሆንም፣ አየሩ በርጥበት ሲከብድ ላብ በቀላሉ ስለማይተን፣ ለኮሪያው ወበቅ ግማሽ መልስ ብቻ ይመስለኛል።

በማላብ የማዳኑ ልማድ ጥንታዊ ነው። በኮሪያው ንጉሥ በሴጆንግ ዜና መዋዕል በ1422 እ.ኤ.አ. እንደ ተመዘገበው፣ ሕመምተኞች ለመዳን ብለው በሚገቡባቸው የላብ ቤቶች የሚሞቱት በመብዛታቸው፣ ንጉሡ የቤቶቹ ጥቅም እንዲመረመር አዘዘ፤ ጥቅም ከሌላቸው እንዲዘጉ፣ ካላቸው ግን ሐኪም በየዕለቱ እየተገኘ ማላብ ለሚስማማው እንዲፈቅድ፣ ሕመሙ የጸናበትንና አቅሙ የደከመውን እንዲከለክል። አባባሉን ለማስተዋል ከዚህ ትእዛዝ የተሻለ መተርጉም አላገኘሁም፤ ሙቀቱ መድኃኒት የሚሆነው መጠኑንና ሰውየውን የሚያውቅ ሲቆጣጠረው ነውና።

ዛሬ «ጂምጂልባንግ» የሚባለው፣ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በኮሪያ ከተሞች የተስፋፋው መታጠቢያና ማረፊያ ቤት የዚያ ልማድ ወራሽ ነው። ከጓደኞቹ ጋር መጀመሪያ የሚሄድ ሰው ጫማውን በመግቢያው ቁም ሣጥን አስቀምጦ፣ ወንዱም ሴቷም ወደየክፍላቸው ይለያያሉ፤ በገንዳው ክፍል ማንም ልብስ አይለብስም። ወይባ ጢስ የምታውቅ ሴት እንኳ ላብን እንጂ በባልንጀሮቿ ፊት ራቁትነትን አልለመደችምና፣ እዚህ ላይ ሁሉም ጣሪያ ጣሪያውን ማየቱ አይቀርም፤ ነገር ግን ሌላው ታጣቢ ዞር ብሎ ስለማያይ እፍረቱ ቶሎ ይለቃል። ወደ ገንዳው ከመግባት በፊት ግን ገላን በሳሙና ታጥቦ መለቅለቅ ግዴታ ነው። ከዚያም ቤቱ የሚሰጠውን ቁምጣና ካናቴራ ለብሰው ጓደኛሞቹ በጋራው አዳራሽ ይገናኛሉ፤ በአዳራሹ ዙሪያም የሸክላ፣ የጨው፣ የከሰል ክፍሎች፣ አጠገባቸውም የበረዶ ክፍል ይገኛሉ።

አባባሉ የሚዛባው እዚህ ነው። ከጓደኞቹ አንዱ «ኢዮልቺዮል!» ብሎ በጣም የጋለውን ክፍል ይከፍታል፤ ጨዋታውም ማን ቀድሞ ይወጣል ወደሚል ፉክክር ይለወጣል። ልማዱን የሚያውቁት ኮሪያውያን አሮጊቶች ግን ጥቂት ደቂቃ ተቀምጠው ይወጣሉ፣ በአዳራሹ ወለል ላይ ጋደም ይላሉ፣ የተጠበሰ እንቁላል እየላጡ ከሩዝ የሚዘጋጀውን ቀዝቃዛ ጣፋጭ መጠጥ «ሺክዬ»ን ይጠጣሉ፣ ደስ ሲላቸውም ተመልሰው ይገባሉ። የልብ ሕመም ወይም የደም ግፊት ያለበት፣ ነፍሰ ጡር የሆነች፣ ወይም መጠጥ የቀመሰ ሰው ከእነዚህ ክፍሎች በፊት ሐኪሙን ቢጠይቅ ወይም ጭራሽ ቢቀር፣ ጓደኞቹ ቢስቁበትም፣ ሴጆንግ እንዲከለከሉ ካዘዘላቸው ወገን ነው።